ዋልያ ልናይ ሄደን ጭላዳ ስናይ ዋልን

ጎንደር ተወልዶ፣ ጎንደር አርጅቶ፣ ሰሜን ተራሮችን ያላየ ሰው ሞልቷል። ለወቀሳ አይደለም የምለው። የፓርኩ መግቢያ ደባርቅ ከጎንደር መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱም አስፋልት ነው። ግን ፓርኩ ለብዙዎቻችን «የፈረንጅ ቦታ» ሆኖ ቀርቷል። ላንድክሩዘሩ ድንኳንና ጀሪካን ጭኖ በፒያሳ ሲያልፍ ማኪያቷችንን እየጠጣን በዓይናችን እንሸኘዋለን። በቃ፣ እኛ የምናውቀው ሰሜን ያ ነው።

ዋልያን ግን ሁላችንም «እናውቀዋለን»። ብሔራዊ ቡድናችን ዋልያዎቹ ነው የሚባለው። ቢራው ላይ አለ። ሱቁም ሆቴሉም ስሙን ተውሷል። ጭላዳን ማንም ማልያ ላይ አይለጥፈውም። ጭላዳ ዝንጀሮ ነው፤ ዝንጀሮ ደግሞ በእኛ አገር ስድብ ነው።

እኔ ግን ሰሜን ለመሄድ አንድ ቀን ብቻ ያለው ሰው ቢያማክረኝ፣ ዋልያውን ተወውና ጭላዳ ጋ ቁጭ በል ነው የምለው። ይህን ስል የሚስቁብኝ አሉ። ይሳቁ።

ጥር 2011 ነበር፣ የጥምቀት ሰሞን። የአክስቴ ልጅ ለበዓሉ ከአዲስ አበባ መጥቶ ፋሲል መዋኛ ውስጥ ከነልብሱ ዘሎ ገብቷል፤ ጉንፋኑንም በደንብ ተቀብሏል። ኳስ ወዳድ ነው። የብሔራዊ ቡድኑን ማልያ ከሹራቡ ላይ ደርቦ፣ «ዋልያውን በዓይኔ ሳላይ አልመለስም» ብሎ ድርቅ አለ። ጓደኛዬ መኪና አላት፤ ነዳጁን ተካፍለን ሌሊት ወጣን።

ወገራ ላይ ነጋልን። ወገራ የገብስ አገር ነው። በጥር አዝመራው ተሰብስቦ ክምሩ አውድማ ዳር ቆሟል፤ ማሳው ላይ የቀረው ቃርሚያ በውርጭ ነጥቷል። ዳባት ቆመን ሻይ ጠጣን። ባለ ሻይዋ እናት የአክስቴን ልጅ ከላይ እስከ ታች አዩትና፣ «ልጄ፣ እዚህ የበረደህ እላይ ስትወጣ ምን ሊውጥህ ነው?» አሉት። ጋቢ ጠቀለልንበት።

ደባርቅ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ከፍለን ስካውት የሚባል አጃቢ ጠባቂ ተመደበልን። ያለ ስካውት መግባት የለም፤ ስካውት ደግሞ ያለ ጠመንጃ የለም። የእኛው ወደ ስድሳ የተጠጉ ሰው ነበሩ። ክላሽ፣ ቡልኮ፣ ኮንጎ ጫማ፣ ካልሲ የሚባል ነገር የለም። የአክስቴ ልጅ በቡት ጫማና በድርብ ካልሲ እየተንቀጠቀጠ እግራቸውን እግራቸውን ያያል። ጋሼ እያልን ጠራናቸው፤ እሳቸውም አልተቃወሙም።

«ምን ልታዩ ነው የመጣችሁ?»

«ዋልያ!» አለ ልጁ።

«ዋልያ ጨነቅ ነው። ሩቅ ነው። መንገድ ላይ ጭላዳ አለ፣ እሱን እያያችሁ ትሄዳላችሁ» አሉ፤ ስለ ሰፈር ዶሮ የሚያወሩ ነው የሚመስሉት።

ፓርኩ ውስጥ ያለው ሳንካበር ከባሕር ጠለል በላይ 3,250 ሜትር ገደማ ነው። ጎንደር ላይ ደረጃ ስወጣ የማላስተውለው ልብ እዚያ በጆሮዬ ይመታል። ከመኪና ወርደን ውጨና በሚባለው ቁጥቋጦ መካከል ትንሽ እንደሄድን መሬቱ አለቀ። በእውነት አለቀ። ገደሉ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ከሥሩ ቆላው በጭጋግ ተሸፍኗል። ጦስኙን እየረገጥን ስለመጣን ጫማችን ሁሉ ሻይ ሻይ ይሸታል። ከጭላዳ ግን ጆሮ የሚያክል እንኳ የለም።

«ሠፈራቸው ከታች ነው» አሉ ጋሼ። «ፀሐይዋ ድንጋዩን ትንካው።»

ጭላዳ ሌሊቱን የሚያድረው ገደሉ ላይ ነው። ነብርና ጅብ የማይደርሱበት ጠርዝ ፈልጎ፣ እርስ በርስ ተቃቅፎ ያድራል። በጥር ሌሊት ሙቀቱ ከዜሮ በታች ስለሚወርድ ማቀፉ የፍቅር ብቻ አይደለም። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ሜዳው ላይ ይወጣል፤ ማታ ተመልሶ ይወርዳል። ኑሮው ይኸው ነው።

መጀመሪያ የመጣው ድምፅ ነው። ከገደሉ ሥር ሰዎች የሚያወሩ መሰለኝ። ቃሉ አይሰማም፣ ዜማው ግን የወሬ ነው፤ ልክ ከግድግዳ ወዲያ ያለ ጎረቤት ቡና ላይ ሲያወራ እንደሚሰማው። አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላዋ ትመልሳለች፣ ሦስተኛው ይቆጣል። «ሰው አለ እንዴ ከታች?» አለች ጓደኛዬ። ጋሼ ሳቁ። ኋላ ሳነብ ተመራማሪዎችም ይህንኑ ልብ ብለው አገኘሁ። ወንዶቹ ከንፈራቸውን እያርገበገቡ የሚያወጡት አንድ ድምፅ አለ፤ ምቱ ሲለካ ከሰው ንግግር ምት ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ ጓደኛዬ አልተሳሳተችም ማለት ነው።

ከዚያ አንድ ጭንቅላት ብቅ አለ። ሁለት። ከዚያ መቁጠር ተውን። ገደሉ አፍ ላይ እየወጡ፣ ፊታቸውን ወደ ፀሐይ አዙረው፣ ክንዳቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። አንዳቸውም አልቸኮሉም። እኛን አዩን፣ ናቁን።

ጋሼ «ቁጭ በሉ፣ አትከተሏቸው፣ እነሱ ይመጣሉ» አሉን። ምግብ መስጠትም መንካትም ክልክል ነው። ተቀመጥን። የአክስቴ ልጅ «እሺ አየን፣ እንሂድ» ማለት ጀምሮ ነበር። ውርጩ ከጓሳው ሣር ላይ ቀልጦ ሱሪያችንን አራሰው። ብዙም ሳይቆይ አካባቢያችን በሙሉ ጭላዳ ሆነ። መሐላቸው ነበርን።

እጃቸውን ማየት ጀመርኩ። ከዚያ ሌላ ነገር ማየት አቃተኝ።

አንዲት እናት ከእኔ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብላ ተቀምጣለች። ጥቁር ሕፃን ሆዷ ላይ ተለጥፏል፤ ጭላዳ ሲወለድ ጥቁር ነው፣ ቡናማ የሚሆነው ኋላ ነው። በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ አንዲት የሣር ዘለላ ትይዛለች፣ ቅንጥስ ታደርጋለች፣ ወደ መዳፏ ትከተዋለች። እንደገና ቅንጥስ። ቀኝና ግራ እየተፈራረቁ። የደረቀውን ትታ አረንጓዴውን ብቻ ነው የምትለቅመው። ጣቶቿ አጫጭርና ጥቁር ናቸው፤ ጥፍሯ ሥር አፈር ገብቷል፣ የገበሬ ጥፍር ነው። መዳፏ ሲሞላ በአንዴ ወደ አፏ፣ ከዚያ ደግሞ ከመጀመሪያው። ስንዴ የምትለቅም ሴት እንኳ ቀና ብላ ታርፋለች። ይህቺ አታርፍም።

ይህ እጅ ተራ እጅ አይደለም። አውራ ጣትና ሌባ ጣት ጫፍ ለጫፍ ገጥመው በመያዝ፣ ከሰው ቀጥሎ ከዝንጀሮ ወገን ጭላዳን የሚስተካከል የለም ይባላል። ምክንያቱም ጭላዳ የሚኖረው በሣር ነው። ከምግቡ አብዛኛው ሣር ነው። ዝንጀሮ፣ ጦጣ፣ ጉሬዛ ሁሉ ፍሬና ቅጠል ሲፈልግ፣ ከመላው ዘመዱ ሣር ግጦ የሚያድር እሱ ብቻ ቀርቷል። ድሮ እንዲህ ዓይነት ዝንጀሮዎች፣ አንዳንዶቹም ከእሱ እጅግ የሚበልጡ፣ በአፍሪካ ብዙ ቦታ ነበሩ፤ ዛሬ የሚገኘው አጥንታቸው ነው። ከወገኑ በሕይወት የተረፈው ጭላዳ፣ እሱም በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ብቻ ነው።

በጥር ደግሞ ሣሩ እየደረቀ ስለሚሄድ ሥራቸው ይበዛል። ሥር ይቆፍራሉ። አንድ ጎረምሳ ሁለት እጁን እያፈራረቀ አፈሩን ሲጭር፣ ሥሩን ሲመዝ፣ አራግፎ ሲበላ አየሁት። መሬቱ ላይ ትናንሽ ጉድጓዶች ቀርተዋል። አራግፎ መብላቱ ነው የገረመኝ።

ሲቀመጡ ደግሞ እንደተቀመጡ ነው የሚሄዱት። ፊታቸው ያለው ሣር ሲያልቅ ብድግ አይሉም፤ በመቀመጫቸው ሸርተት ብለው አንድ ክንድ ያህል ይጠጋሉ። «መጀመሪያ የመቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ» የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው ጭላዳን ደኅና አድርጎ ያየ ሰው መሆን አለበት። ቀኑን ሙሉ የምትኖረው በእሱ ላይ ነዋ! ሌሎች ዝንጀሮዎች የመራቢያ ምልክታቸውን ከኋላ ነው የሚያሳዩት። ጭላዳ ሁልጊዜ ስለሚቀመጥ ምልክቱ ወደ ፊት፣ ወደ ደረቱ ሳይመጣ አልቀረም የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። ያ ፀጉር የሌለው ቀይ የደረት ቆዳ ለጌጥ ብቻ አይደለም። በወንዱ ላይ ድምቀቱ ጌትነቱን ይናገራል፤ በሴቷ ላይ ዙሪያውን ጨሌ የመሰሉ እባጮች አሉ፣ ለመፀነስ ስትደርስ ያብጣሉ።

ጋሼ ይህን ሁሉ እንደ ብርቅ መመልከታችን ገርሟቸዋል። «እኔ በልጅነቴ ወንጭፍ ይዤ ማሳ ስጠብቅ ነው ያደግሁት» አሉ። «አባቴ ከጭላዳ ገብስ ካላስጣልኩ እራት አይሰጠኝም ነበር።» እሳቸው ስለ ጎፈሩ ግርማ አይደለም የሚያወሩት። ስለ ገብስ ነው። ትልቁ ወንድ ፊት ለፊት ሲያልፍ፣ ጎፈሩ በነፋስ ሲበተን፣ እኛ ስልካችንን አነሳን፤ እሳቸው «እነሆ ሌባው» አሉ። ደግሞ ወዲያው፣ «እሱ ግን አስተዳዳሪ ነው፣ ስድስት ሚስት አለው» ብለው ጨመሩ። ንቀትና አድናቆት ባንድ አፍ።

አስተዳዳሪ መባሉ ግን ያጠያይቃል። የጭላዳ ቤተሰብ አንድ ጌታ ወንድና ጥቂት ሴቶች ናቸው። ሴቶቹ እናትና ልጅ፣ እህትማማቾች ናቸው፤ ቤቱ የእነሱ ነው፣ ወንዱ መጥቶ ሂያጅ ነው። ዳር ዳሩን ሚስት የሌላቸው ጎረምሶች በቡድን ያንዣብባሉ። አንዱ ቀን አንዱ ጎረምሳ ጌታውን ይገጥመዋል። ሴቶቹ ከተቀበሉት አሮጌው አለቀለት።

አዲስ ጌታ ሲመጣ ጣጣው ብዙ ነው። እዚያው ሰሜን ውስጥ ጭላዳን ለዓመታት የተከታተሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተሙት ጥናት አለ፤ ጌታ በተለወጠ በሳምንታት ውስጥ እርጉዝ ከነበሩት ሴቶች ወደ 80 በመቶው ጽንሱ እንደወረደባቸው አሳይቷል። አዲሱ ወንድ የሌላውን ልጅ ስለሚገድል፣ ሰውነቷ የማይተርፍ ልጅ ተሸክሞ ከመድከም መተውን ይመርጣል ነው መላምቱ። ይህን ያነበብኩት ከተመለስን በኋላ ነው፤ ያቺ ጥቁር ሕፃን የታቀፈችው እናት ወዲያው ትዝ አለችኝ።

ሮቢን ደንባር የሚባለውም እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ጭላዳ ሲያጠና የከረመው እዚሁ ሰሜን ውስጥ ነው። ኋላ ዝነኛ ሆነ፤ «ሰው በደንብ ሊይዘው የሚችለው ወዳጅ 150 ገደማ ነው» የሚለው አሳብ የእሱ ነው። ፌስቡክ ላይ አምስት ሺህ ጓደኛ ያለን ሰዎች ስለ ወዳጅነት ትምህርት የሚሰጠን፣ ጎንደር አጠገብ የጭላዳ ቅማል አለቃቀም ሲያይ የዋለ ሰው ነው ማለት ነው።

ቅማል መልቀም ያልኩት ለአፍ ያህል ነው። አብዛኛው ጊዜ የሚለቀም ነገር ያለ አይመስልም። አንዷ ፀጉር ትከፍላለች፣ ትመረምራለች፣ ታበጥራለች። ተራዋ ሲደርስ እሷም ዓይኗን ጨፍና ትንጋለላለች። አየር ላይ ያለ ጠብም በዚሁ ይበርዳል። እዚያ ተቀምጬ የሹሩባ ቀን አስታወሰኝ ልል ነበር፤ ተውኩት፣ እናቴ ብታነበው አትወድልኝም።

ጠቡም አልቀረም። ወደ አምስት ሰዓት ገደማ ጎረምሶቹ ወደ አንዱ ቤተሰብ ተጠጉ። ጌታው የላይኛ ከንፈሩን ገልብጦ አፍንጫው ላይ ደፋው። ሮዝ ድድ፣ ከሥሩ ነብርን የሚያሳፍር ክራንቻ። ከዚያ ቅንድቡን ወደ ላይ ሲስብ ነጣ ያለው የዓይኑ ቆብ ታየ። የአክስቴ ልጅ ሳያውቀው ከንፈሩን እየገለበጠ ነበር። ድንገት ሁሉም ተነሱ። አፈር ቦነነ፣ ጩኸት ሆነ፣ ጌታው ጎፈሩን እየበተነ ጎረምሶቹን ነዳቸው። እነሱም ከገደሉ አፍ ላይ ዘለው ወደ ታች ተወረወሩ። ልቤ ዘለለች። ጠርዙ ላይ ደርሰን ስናይ ከሥር ባለች አንድ ጠባብ መደብ ላይ ቁጭ ብለው ሣር ይለቅማሉ። ጌታውም ተመልሶ ሣሩን ቀጠለ። ሴቶቹ በመጀመሪያም ብዙ ቀና አላሉም።

ልጁ «እንሂድ» ማለቱን ያቆመው እዚህ ላይ ነው።

ጋሼ ስለ ቀይ ቀበሮም አወሩን። እኛ አላየነውም። «ጭላዳ መሐል ገብቶ ሲሄድ አይሸሹትም፣ እሱም ልጆቻቸውን አይነካም» አሉ። ለማመን ተቸግሬ ነበር። ግን መንዝ ጓሳ ላይ የተደረገ ጥናት ይህንኑ ይላል፤ ቀይ ቀበሮ ብቻውን አይጥ ሲያድን የሚሳካለት ከአራት አንዴ ነው፣ ጭላዳ መሐል ሆኖ ሲያድን ግን ከሦስት ሁለቴ። ምናልባት የጭላዳው ኮቴ አይጧን እያስወጣለት፣ ወይም እሱን እየሸፈነው ይሆናል። በዓለም ላይ የቀረው ቀይ ቀበሮ ከ500 አይበልጥም፣ እሱም እዚሁ አገራችን ደጋ ላይ። ተንኮለኛ ቢሆንና ግልገል ቢነጥቅ፣ ይህ ሁሉ እምነት በአንድ ቀን ይጠፋ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ጨነቅ ሄድን፤ ማልያው ክብሩ ነውና። ከ3,600 ሜትር በላይ ነው፣ ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል እየበዛ፣ ብርዱ እየጠነከረ ይሄዳል። ዋልያውን አየነው። ሩቅ ገደል ላይ፣ በመነጽር፣ ቀንዱ ወደ ኋላ ተቀልብሶ ቆሟል። ግርማ አለው፣ አልዋሽም። ቆመ፣ ቆመ፣ ከዚያ ዘወር ብሎ ከድንጋዩ ጀርባ ገባ። የአክስቴ ልጅ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ መዝሙር ሊዘምር ምንም አልቀረውም ነበር። ስለ ዋልያ የማወራው ይህን ያህል ነው። ከዓለም ሁሉ ሰሜን ውስጥ ብቻ መኖሩ፣ ከጥቂት ዓመታት ወዲህም ቁጥሩ በጣም መቀነሱ ያሳስበኛል፤ ግን ማሳሰብና ማየት ለየቅል ናቸው። ዋልያን የማየት ነገር አየሁ ለማለት ነው። ጭላዳ ጋ ዘመድ ጥየቃ የዋልኩ ነው የመሰለኝ።

በመልሱ መንገድ ጋሼ ወደ ጊጭ በኩል አሳዩን። ጊጭ ላይ ሰው ይኖር ነበር፣ ከ400 በላይ አባወራ። እርሻውና ከብቱ ፓርኩን እየጎዳ ነው ተብሎ በ2008 ደባርቅ ሰፈሩ። በቀጣዩ ዓመት ፓርኩ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ከነበረበት የዩኔስኮ የአደጋ መዝገብ ተሰረዘ። «ለእንስሳው ደኅና ሆነ» አሉ ጋሼ። ለሰውስ? ብዬ ጠየቅኋቸው። «ከተማ ገብስ አይዘራም» አሉና መስኮቱን ዘጉ። ፓርኩ ይትረፍ የምንል የከተማ ሰዎች ይህንን ሒሳብ አብረን ብንይዘው ጥሩ ነው፤ እኔ ጭላዳን የወደድኩት ገብስ ስለማልዘራም ይሆናል።

እኛ ከተመለስን ከሁለት ወር በኋላ እሳት ተነሳ። መጋቢት ማብቂያና ሚያዝያ 2011 ላይ በጊጭና በአካባቢው ጓሳውና ውጨናው ተቃጠለ። የአካባቢው ሰው በቅጠልና በአፈር ሲታገል ሰነበተ፤ ከእስራኤል ባለሙያዎች፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር እስኪመጣ ተደረሰ። ቴሌቪዥኑ የሚያሳየው ዋልያ ነው። እኔ ጋሼ ጋ ደወልኩ።

«ጭላዳዎቹስ?»

«የሚያድሩበት ገደል አይቃጠልም!» አሉኝ። «ዝናብ ሲጥል ሣሩ ይመለሳል። መስከረም ላይ ኑ፣ ያኔ አይቆፍሩም፣ ለምለሙን ብቻ ነው የሚበሉት።»

ለአክስቴ ልጅ ነገርኩት። ስልኩ ውስጥ ያለው ፎቶ በሙሉ የጭላዳ ነው፤ የዋልያው አንዲት ደብዛዛ ነጥብ ብቻ ናት። «መስከረም እንሂድ» አለኝ ወዲያው። ቀጥሎ ደግሞ፣ «ግን ዋልያው መስከረም ላይ ቀረብ ይላል እንዴ?»